ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን የሚደረግ የዐይን ምርመራ፦ በሰሜን ሸዋ ያገኘነው አገልግሎት ሲመዘን

ልጃችን በ29ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 1,250 ግራም እየመዘነ ተወለደ። ከዚያን ዕለት አንሥቶ እስከ ግንቦት 12 ቀን ድረስ ዐይኑ ሰባት ጊዜ ተመርምሯል። መሆን የነበረበት ስምንት ጊዜ ነው፤ በመካከሉ አንድ ቀጠሮ አምልጦናል፤ ያመለጠንም በስንፍና ወይም በገንዘብ እጦት ሳይሆን በካርድ ላይ በተጻፈ አንድ ቃል የተነሣ ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ ያገኘነውን ይህን አገልግሎት እንደ አንድ ተገልጋይ ልመዝነው እወዳለሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ቅሬታዬ የአንድ ተቋም ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የማመሰግናቸውንም ሰዎች ስማቸው እንዲነሣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኋቸውም።

አገልግሎቱ ለሰሚው እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ምንነቱን አስቀድሜ ልግለጽ። የዐይን ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይመጣል፤ ሠራተኞቹ ክፍሉን በአጭሩ ኒኩ ይሉታል። በክፍሉ ተኝተው ያሉትንም፣ ከዚያ ወጥተው በቀጠሮ የሚመለሱትንም ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በዚያው ጠዋት ይመረምራል። የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ በዐይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ የሬቲና፣ ደም ሥሮች የት ደርሰዋል፣ አካሄዳቸውስ ጤናማ ነው ወይ የሚለውን።

አሥራ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ የዐይንን ሥዕል በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሬቲናውን፣ ሌንሱንና ብሌኑን በቀስት አመለክታለሁ፤ የምሥለው ግን ሁልጊዜ ያለቀ ዐይን ነበር። ዐይን በማሕፀን ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ መሆኑን፣ መጨረሻ ላይ ከሚጠናቀቁት ነገሮችም አንዱ የሬቲና ደም ሥር መሆኑን በቅጡ የተረዳሁት በዚያ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነው። እስከ እርግዝናው አራተኛ ወር ድረስ ሬቲና የራሱ ደም ሥር የለውም። በ16ኛው ሳምንት ገደማ ደም ሥሮቹ የዐይን ነርቭ ከሚገባበት ክብ ቦታ ተነሥተው በአራቱም አቅጣጫ ወደ ዳር መዘርጋት ይጀምራሉ። ወደ ዳር የሚስባቸው የኦክስጅን እጥረት ነው። ገና ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል እያደገ ሲሄድ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ሲያንሰው ቪ ኢ ጂ ኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ደም ሥሩም ይህ ፕሮቲን ወዳለበት ያድጋል። በማሕፀን ውስጥ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን እኛ ከምንተነፍሰው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ይህ ጥሪ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በአፍንጫ በኩል ያለውን የሬቲና ዳር ደም ሥሮቹ በ36ኛው ሳምንት ገደማ ይደርሱበታል፤ በጆሮ በኩል ያለው ዳር ግን ርቀቱ ስለሚበልጥ ልጁ ቀኑ እስኪሞላ፣ አንዳንዴም ተወልዶ ጥቂት ሳምንታት እስኪያልፉ ድረስ ይቆያል።

በ29 ሳምንት የተወለደ ልጅ እንግዲህ ይህ ሥራ ገና በእኩሌታው ላይ ሳለ ነው ወደ ዓለም የመጣው። ኦክስጅን ወደበዛበት አየር በድንገት ይገባል፤ ጥሪው ይቆማል፤ ደም ሥሮቹ ከደረሱበት ላይ ቆመው ይቀራሉ፣ በጫፍ ያሉትም ይከስማሉ። ቀናት ሲገፉ፣ ብዙውን ጊዜ ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር 32 ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ ደም ያልደረሰው ሬቲና ሥራው እየበዛ ሲሄድ ይራባል፤ ያን ጊዜ ፕሮቲኑ ከልክ አልፎ ይመነጫል። ደም ሥሮቹም በሬቲናው ላይ ተኝተው በመዘርጋት ፈንታ ወደ ዐይኑ መካከል ቀና ብለው ይበቅላሉ፤ ሊደሙ ይችላሉ፤ ሊጠብሱ ይችላሉ፤ ጠባሳው ሲኮማተርም ሬቲናውን ከተጣበቀበት ግድግዳ ይነቅለዋል። ሐኪሞች ሬቲኖፓቲ ኦፍ ፕሪማቹሪቲ፣ በምኅጻር አር ኦ ፒ የሚሉት ይህንን ነው። ከውጭ ሲታይ የልጁ ዐይን ምንም የለበትም። የእኛን ልጅ ያዩ ሁሉ «እንዴት ያለ ዐይን ነው!» ይሉ ነበር፤ ጥቅል ጥቁር ዐይን ነው፣ እውነታቸውን ነው። ብሌኑ ነጣ ብሎ ለእናት የሚታይ ከሆነ ግን በዚህ በሽታ ሬቲናው ቀድሞ የተነቀለ ነውና ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው።

የአገልግሎቱን ጥራት መመዘን የሚጀመረው ከዐይን ሐኪሙ ሳይሆን ከኦክስጅኑ ይመስለኛል። ልጃችን ለአሥራ አንድ ቀን በአፍንጫው ኦክስጅን ይሰጠው ነበር፤ በእግሩ ጣት ላይም የደሙን የኦክስጅን መጠን የምትቆጥር ፐልስ ኦክሲሜትር ታስራ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ቁጥሩ 98 ላይ ደርሶ ሳይ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ነርሷ መጥታ ፍሰቱን ስትቀንሰው ግን ደነገጥሁ።

«ሲስተር፣ ምነው ቀነሱበት? ደኅና ሆኖ ነበር እኮ» አልኳት።

«አባቱ፣ ለሳንባው ደኅና ነው፤ ለዐይኑ ግን ይበዛበታል። ከ90 እስከ 95 ባለው መካከል እንዲሆን ነው የምንፈልገው» አለችኝ።

ከዚህ አጭር ንግግር በስተጀርባ ብዙ ዘመን የፈጀ ታሪክ አለ። ቦስተን ውስጥ ቴዎዶር ቴሪ የተባለ የዐይን ሐኪም ከሌንስ በስተጀርባ ጠባሳ ያበቀሉ ሕፃናትን መጀመሪያ የገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማሞቂያ ሣጥንና እንደ ልብ የሚገኝ ኦክስጅን ባላቸው ሀብታም አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት ዐይናቸው ጠፋ፤ ድህነት ሳይሆን ብዛት ያመጣው ጥፋት ነበር። በ1951 ኬት ካምቤል የተባለች የሜልቦርን ሐኪም ጥፋቱ ከኦክስጅኑ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመች፤ በ1953 እና በ1954 አሜሪካ ውስጥ የተካሄደ ጥናትም አረጋገጠው። ወዲያው ኦክስጅን በጭፍን ሲቆጠብ ደግሞ ዐይናቸው የዳነ፣ ሕይወታቸው ግን ያለፈ ሕፃናት በዙ። ክርክሩ ዛሬም ፈጽሞ አልተዘጋም፤ በአውሮፓውያኑ 2010 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የደማቸው ኦክስጅን ከ85 እስከ 89 በመቶ እንዲሆን የተደረጉት ሕፃናት ከ91 እስከ 95 ከተደረጉት ይልቅ ከባድ የዐይን ሕመም በግማሽ ያህል ሲቀንስላቸው፣ የሞቱት ግን 16.2 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 19.9 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ከሣጥን ሣጥን እየተመላለሰች የምትጠብቀው ጠባብ መተላለፊያ ይህ ነው።

በዚህ ረገድ ክፍሉን አመሰግናለሁ፤ ይሁን እንጂ ፐልስ ኦክሲሜትሮቹ ከሕፃናቱ ያነሱ ነበሩና አንዷ መሣሪያ በተራ ትዞር ነበር። መሣሪያዋ ዞራ እስክትመለስ ድረስ ያለው ጊዜ ማንም የማያየው ጊዜ ነው። የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኛ መሐል ሜዳ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሕፃን እንኳ ቁጥር ከቆላው ልጅ ዝቅ ይላል። ከሸዋ ሮቢት የመጣች እናትና ከመንዝ የመጣች እናት በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ዞን፣ አንድ ሕፃን ወደ ቤቱ ሲሄድ ወደየትኛው አየር እንደሚሄድ ተጠይቆ ቢመዘገብ መልካም ነበር። እኛን የጠየቀን አልነበረም።

ማን ይመረመራል በሚለው ላይ ደግሞ ከሆስፒታሉ ጋር አልስማማም። በዚያ ክፍል የሚሠራበት መመዘኛ 1,500 ግራምና ከዚያ በታች ወይም እስከ 30 ሳምንት ድረስ የተወለደ የሚል ነው፤ ይህ የአሜሪካኖቹ መመዘኛ ነው፤ ልጃችን በሁለቱም ገባ። ከእርሱ ጎን የነበረው ሕፃን 1,850 ግራም ሆኖ በ33 ሳምንት የተወለደ፣ ከእኛው ልጅ ግን ለበለጠ ጊዜ በኦክስጅን የቆየ ነበር። እናቱ «የእኔንስ አያዩትም?» ብላ ስትጠይቅ «የአንቺ ትልቅ ነው» ተባለች። አሜሪካኖቹ እንኳ ከ1,500 እስከ 2,000 ግራም የሆነና ሕመም የጸናበትን ሕፃን ሐኪሙ ካዘዘ ይመረምሩታል። ኦክስጅን በጥብቅ በማይለካባቸው አገሮች ደግሞ ተለቅ ያሉ ሕፃናትም በዚህ በሽታ ዐይናቸውን እንደሚያጡ የታወቀ ነው፤ ህንድ ስለዚህ መመዘኛዋን 2,000 ግራምና 34 ሳምንት አድርጋ አስፍታዋለች። እኛ ከመሣሪያ ይዞታችን የምንቀርበው ለየትኛዋ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ያ ሕፃን በኋላ ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ እናቱ የሄደችው ወደ ዓለም ከተማ አቅጣጫ ነበር።

የመጀመሪያው ምርመራ የተካሄደው የካቲት 25 ቀን፣ ልጁ በተወለደ ልክ በአራተኛው ሳምንት ነው። ይህ ቀን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ቢታይ በሽታው ብዙውን ጊዜ ገና አልጀመረም፤ ከዚያ ቢዘገይም ጀምሮ ሊገፋ ይችላል። ከምርመራው በፊት የልጁ ብሌን በጠብታ መስፋት አለበት። ጠብታው በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስላልነበረ ወረቀት ተጽፎልኝ ከውጭ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው የሰጠኝ ፌኒሌፍሪን 10 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ነርሷ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ካነበበችው በኋላ «ይህ ለአዋቂ ነው፤ የልጁን የደም ግፊት ያንረዋል። 2.5 በመቶ የሚል አምጡልኝ» ብላ መለሰችኝ። ሁለተኛውን ለማግኘት ሦስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። ያችን ብልቃጥ ሳታነብ ብትጨምርለት ኖሮ ምን ይከተል እንደነበረ ሳስብ፣ አንድን ጠብታ በክፍሉ ቁም ሣጥን ማስቀመጥ ይህን ያህል የሚከብድበት ምክንያት አይገባኝም።

ምርመራው ራሱ ለወላጅ ዐይን ከባድ ነው፤ ይህን ደብቄ አገልግሎቱን ባሞግስ ቀጣዩን ወላጅ ማታለል ይሆናል። ከምርመራው በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል እንዳይጠባ ተደረገ፤ ምክንያቱም ሲያለቅስ ሊያስመልሰው ስለሚችል ነው። በነጠላ ጥቅልል ተደርጎ እጁ ታሰረ፤ የሚያደነዝዝ ጠብታ ተደረገለት፤ ከዚያም የዐይኑ ቆቦች በትንሽ የሽቦ መያዣ ተከፍተው እንዲቆዩ ተደረገ። ሐኪሙ መብራት ያለበትን መሣሪያ በግንባሩ አስሮ፣ በእጁ አንድ ክብ ሌንስ ይዞ፣ ዳር ዳሩን ለማየት የዐይኑን ኳስ በቀጭን ማንኪያ መሰል ነገር ጫን ያደርገዋል። ልጁ ጮኸ። ባለቤቴ ወጣች፤ እኔ ቀረሁ። ለሁለቱም ዐይን የፈጀው ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አይበልጥም፤ ነርሷም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ እጇን ከልጁ ደረት፣ ዐይኗንም ከልብ ምቱ ቁጥር አላነሣችም፤ እንዲህ ያሉ ሕፃናት በምርመራው መካከል ትንፋሻቸው ሊቆም ወይም የልብ ምታቸው ሊቀንስ ይችላልና። በከንፈሩ ላይ የእናቱን ወተት ጠብ ጠብ ስታደርግለት ጩኸቱ እየበረደ ሄደ። ሲያልቅ ሐኪሙ ራሱ በረንዳ ድረስ ወጥቶ ለባለቤቴ «ጨርሰናል፤ ደኅና ነው፤ ደም ሥሩ ገና አልደረሰም እንጂ ሕመም አልጀመረም» አላት። ወጥቶ መናገሩን እንደ ቀላል ነገር አልቆጥረውም። ለምርመራው በአስተማሪ ልማድ ነጥብ ብሰጥ ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የማጎድለው በጠብታው ምክንያት ነው።

ነጥቡ የሚወርደው በቀጠሮው ላይ ነው። ልጁ ወተት መጥባት ችሎ 1,640 ግራም ሲደርስ ወደ ቤት እንድንሄድ ተፈቀደልን፤ ቀጣዩ የዐይን ምርመራም በካርዱ ላይ «ማርች 18» ተብሎ በአማርኛ ፊደል ተጻፈልን። እኛ አገር ማርች ማለት መጋቢት ነው፤ ልጆቻችንንም በትምህርት ቤት እንዲሁ ነው የምናስተምራቸው። ባለቤቴም፣ እኔም፣ ካርዱን ያየው የወንድሜ ልጅም መጋቢት 18 ብለን አነበብነው። በእርግጥ ግን ማርች 18 ማለት መጋቢት 9 ነው፤ መጋቢት 1 የሚውለው ማርች 10 ነውና። ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ለሌላ ሕመም ዘጠኝ ቀን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ልጃችን ግን ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር መጋቢት 9 ቀን 35 ሳምንት፣ መጋቢት 18 ቀን ደግሞ 36 ሳምንት ከሁለት ቀን ይሞላዋል፤ ይህ በሽታ ለሕክምና ወደሚያደርስ ደረጃ የሚገሰግሰውም በአብዛኛው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ስንወጣ ስለ ጡት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ካንጋሮ እንክብካቤና ስለ ክትባት ለግማሽ ሰዓት ያህል መልካም ምክር ተሰጥቶናል፤ የዐይን ቀጠሮው ለምን ቀኑን ማለፍ እንደሌለበት ግን አንድም ቃል አልተነገረንም። ደም ሥሩ ቀን ቆጥሮ ነው የሚሄደው ብሎ አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ ካርዱን ደግመን እናነበው ነበር።

ጊዜ አለን ብለን ለክርስትናው ወደ መሐል ሜዳ ወጣን። አርባ ቀኑ መጋቢት 6 ላይ ዋለ፤ ጾም ቢሆንም ዘመድ ተሰበሰበ፤ ካህኑም የልጁን ትንሽነት አይተው ውኃው ለብ እንዲል አዘዙ። እዚያው ሳለን ዐይኑን ለማሳየት እንደምንመለስ ባለቤቴ ስትናገር አማቴ ተገረሙ። «ዐይኑንማ ገና ሲወለድ ቀብተውት የለም እንዴ? እኔ ራሴ አይቻለሁ» አሉ። የእርሳቸው ግራ መጋባት የብዙ ሰው ስለሆነ ላብራራው። ሕፃን እንደተወለደ በዐይኑ የሚቀባው ቴትራሳይክሊን በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ከሚተላለፍ ተሕዋስ የሚከላከል ቅባት ነው፤ ከሬቲና ደም ሥር ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲሁም ለማንኛውም ሕፃን፣ ቀኑ ሞልቶ ለተወለደውም ጭምር፣ ሊደረግ የሚገባው የብርሃን ምርመራ አለ፤ ሐኪሙ በትንሽ መብራት ብሌኑን ሲያይ ቀይ ነጸብራቅ ካልተመለሰለት የሌንስ ሞራ ወይም የሬቲና ካንሰር ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠረጥራል። ይህም ቢሆን ጠቃሚ ነው እንጂ ከዳር ያለውን ደም ሥር አያሳይም። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ መደረጉ ሌላውን አያስቀርም።

መጋቢት 10 ቀን ማታ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ያቺው ብልቃጡን ያነበበችው ነርስ ነበረች። «ትናንት ስትቀሩ ልጁ ታመመ ወይ ብዬ ነው» አለች። ካርዱን አውጥቼ አነበብኩላት፤ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እናንተ ሁለተኛ ናችሁ» አለችኝ። በክፍሉ ለቀሩ ሕፃናት መደወያ የተመደበ ሰውም ሆነ የስልክ ሒሳብ የለም፤ የደወለችው ከራሷ ኪስ ነው። ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ በነጋታው ብንደርስም የሚያየን አልነበረም፤ ስለዚህ መጋቢት 16 ቀን ድረስ ጠበቅን። የአንድ ሳምንት መዘግየት እንጂ ዘጠኝ ቀን ከዚያም ለቀጣዩ ማክሰኞ አምስት ቀን እንዳይሆን ያደረገችው እርሷ ናት፤ መጋቢት 18 ሐሙስ ነበርና ብንሄድ ኖሮ ባዶ በር ነበር የምናገኘው። ካርዱ ላይ «ማክሰኞ» የሚል ቃል ብቻ ተጨምሮ ቢሆን ስሕተቱን ራሳችን እንይዘው ነበር።

መጋቢት 16 ቀን የሐኪሙ ፊት እንደ መጀመሪያው ቀን አልነበረም። ከምርመራው በኋላ ወረቀት አወጣና ሁለት ክብ ሣለ። የሬቲናው መካከለኛ ክፍል ዞን አንድ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ዞን ሁለት፣ በጆሮ በኩል በዳር የሚቀረው ጨረቃ መሰል ቦታ ዞን ሦስት እንደሚባል፣ በሽታው ወደ መካከል በቀረበ ቁጥር አስጊ እንደሚሆን አስረዳን። ደረጃውንም በአምስት ከፍሎ ነገረን፤ በመጀመሪያው ደም ሥር ባለውና በሌለው ቦታ መካከል ቀጭን መስመር ይታያል፤ በሁለተኛው መስመሩ እንደ እርከን ከፍ ይላል፤ በሦስተኛው አላስፈላጊ ደም ሥር ይበቅልበታል፤ በአራተኛው ሬቲናው በከፊል፣ በአምስተኛው ፈጽሞ ይነቀላል። የልጃችን ዞን ሁለት፣ ደረጃ ሁለት ነው አለን። ከዚህ ሌላ ከነርቩ አጠገብ ያሉት ደም ሥሮች ማበጣቸውንና መጠማዘዛቸውን እንደሚያይ፣ ያ ምልክት ፕላስ እንደሚባል፣ እርሱ ከተጨመረ ግን ወሬው እንደሚለወጥ ነገረን። በልጃችን አልነበረም። «ባለፈው ሳምንት አይቼው ቢሆን ፍጥነቱን አውቅ ነበር» አለ፤ ለማን እንደተናገረው አላውቅም፤ እኛን የወቀሰ ግን አልመሰለኝም።

ሕክምና ቢያስፈልግ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ደም ያልደረሰውን የሬቲና ዳር በጨረር መተኮስ፣ ወይም ያን ፕሮቲን የሚያግድ ቤቫሲዙማብን የመሰለ መድኃኒት በዐይኑ ውስጥ በመርፌ መስጠት እንደሚቻል፤ ለሕክምና የሚያበቃ ደረጃ ላይ ከደረሰ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መደረግ እንዳለበት፣ ይህም በእነርሱ ዘንድ ስለማይሠራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንደሚጻፍ ነገረኝ። መርፌው ለደም ሥሩ የተሻለ ቢመስልም በሽታው ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ እንደሚረዝምም አልደበቀኝም። 72 ሰዓት የሚለውን ከእኛ መንገድ ጋር አስተያየሁት። ከመሐል ሜዳ በጣርማ በር አድርጎ፣ ጉሙ ካልያዘን፣ ሆስፒታሉ አንድ ቀን ነው፤ ሪፈር ለማስጻፍ አንድ ቀን፤ አዲስ አበባ ገብቶ ካርድ ለማውጣት አንድ ቀን። ሒሳቡ ሞላ፤ ለሐኪሙ እጅ የቀረ ሰዓት የለም። ስለዚህ ባለቤቴና ልጁ በዚያው ከተማ በአክስቷ ቤት እንዲሰነብቱ ወሰንን። ዘመድ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ በዚህ አገልግሎት ውስጥ መልስ አላገኘሁም፤ የእናቶች ማቆያ ለነፍሰ ጡሮች እንዳለ ሁሉ ለእንዲህ ያሉ እናቶችም ጥቂት አልጋ ቢኖር ከብዙ መሣሪያ ግዢ በፊት የሚቀድም ይመስለኛል።

መጋቢት 23 ቀን እንዳለ ነበር፤ መጋቢት 30 ቀን እርከኑ መክሰም ጀምሯል ተባልን። በአብዛኞቹ ሕፃናት በሽታው እንዲህ በራሱ እንደሚመለስ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ቢሆንም የትኛው ሕፃን ከአብዛኞቹ እንደሆነ የሚታወቀው በየሳምንቱ ገልጦ በማየት ብቻ ነው። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 14፣ ደም ሥሮቹ ዞን ሦስት ገብተዋል ሲለን ባለቤቴ ለፈሰኩት ሠራተኞች ድፎ ዳቦ ይዛ ነበር የሄደችው፤ ሐኪሙም ቆርሶ በላ።

የቀሩትን ጉድለቶች ባጭሩ ልናገር። የሬቲናውን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ የለም፤ ሐኪሙ ያየውን በእጁ እየሣለ ነው የሚያስቀምጠው፤ እርሱ የታመመ ማክሰኞ ሥዕሉን አንብቦ የሚተካው ሰው አይኖርም። የመጠበቂያው ቦታ ነፋስ የሚያስገባ ኮሪደር ነው፤ ገና ሙቀቱን መጠበቅ ለማይችል ሕፃን የሚሆን አይደለም። የምርመራው ክፍያ ግን ከትራንስፖርቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ በዚህ የምናማርርበት ነገር የለም።

ግንቦት 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ልጁ ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር 44 ሳምንት ሲሞላው ሐኪሙ ሁለቱንም ዐይን አይቶ ደም ሥሮቹ ዳር መድረሳቸውን ነገረን። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆች ሩቁን አጥርቶ ላለማየትና ለዐይን መንሸዋረር ስለሚጋለጡ ዓመት ሲሞላው መነጽር ያስፈልገው እንደሆነ አምጡት አለ። ካርዱን ተቀብዬ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ቀኑን እንዲያስተካክሉልኝ ለመንኳቸው። ነርሷ እስክሪብቶ ተቀብላ የፈረንጁን ቀን ሰረዘችውና ከሥሩ «ማክሰኞ፣ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብላ በትልቁ ጻፈችው።